ያልተሰማው መጨረሻ

አሰልጣኙ የተገኙት በትንሿ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በመጥረጊያውና በሻይ ፔርሙሱ መካከል ተንጋለው ነበር። ብርጭቋቸው ሳይሰበር ተንከባሎ ግድግዳ ሥር ቆሟል። ሐኪሙ ብርጭቆውን አንዴ አሽትቶ ፊቱን አዞረ።

«የተባይ መርዝ ነው» አለ። «ግን ጤነኛ አፍንጫ ያለው ሰው ይህን ወደ አፉ አያስጠጋም።»

«ጋሼ ሰሞኑን ጉንፋን ይዟቸው ነበር» አለ አንድ የተሰበረ ድምፅ ከበሩ በኩል። የቋንቋ ላብራቶሪው ቴክኒሺያን ነበር።

መርማሪዋ የመርዙን ጠርሙስ ለማግኘት አልተቸገረችም። እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከሳሙናው ጎን ክዳኑ ላልቶ ተቀምጧል። ባልደረቦቿ «ምስጥ» ይሏታል። ከውጭ ምንም ሳይታይባት የነገሩን ሆድ ዕቃ በልታ ስለምትጨርስ ነው። የዛሬው ቅዳሜ ግን ረጋ ብሎ ለመብላት የሚመች አልነበረም፤ የፋኩልቲው ዲን ከኋላ ከኋላዋ እየተከተለ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቷታል።

«ነገ ጠዋት እኮ የእንግሊዝኛ ውድድሩ ነው! ከየዩኒቨርሲቲው የሚቀርበው አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ያሸነፈ ውጭ አገር ገብቶ ይማራል። አሰልጣኙ ዛሬ ከልምምዱ በኋላ ስሙን ሊነግሩኝ ነበር። አሁን አሰልጣኝም የለኝ፣ ተወዳዳሪም የለኝ!»

«ሟቹም ይህን ሳያስቡበት ነው የሞቱት» አለች ምስጥ።

ስላቋ አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። «ከሦስቱ ሠልጣኞች መካከል ያለችውን ልጅ ይውሰዷትና ይገላግሉን። ትናንት በኚህ ሰውዬ ላይ ስትጮህ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ምስጥ ወደ ላብራቶሪው ገባች። በፊት ለፊት በኩል በመስታወት የታጠረች ጠባብ ክፍል አለች፤ አሰልጣኙ ጽሑፍ የሚያነቡት እዚያ ውስጥ ተቀምጠው በማይክሮፎን ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው፣ እያንዳንዳቸው በረጅም የእንጨት መከለያ ውስጥ ተወትፈው በማዳመጫ ይሰማሉ። አንዱ ቢነሳ ሌላው አያይም። ወለሉ ምንጣፍ ስለሆነም ኮቴ አይሰማም። የኋላው በር በቀጥታ ወደ ዕቃ ቤቱ ያወጣል፤ መከለያዎቹ ስለሚጋርዱትም ከመስታወቱ ክፍል አይታይም።

በመስታወቱ ክፍል ውስጥ፣ ማይክሮፎኑ ሥር፣ በእንግሊዝኛ የተተየበ አንድ ወረቀት አገኘች። በላዩ የአሰልጣኙ መነጽር ታጥፎ ተቀምጧል። አንስታ ዓይኗ ላይ ብታደርገው ክፍሉ በሙሉ ተንሻፈፈባት፤ ወንበር ገጭታ «ኧረ በስመ አብ!» አለችና አወለቀችው።

«ያለሱ አንዲት ፊደል አይለዩም ነበር» አለ ቴክኒሺያኑ።

«ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔ ነኝ። ጋሼ ማንበብ ከመጀመራቸው በፊት ከዚሁ ፔርሙስ አብረን ጠጣን። ይኸው እንደሚያዩኝ ቆሜያለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መቅረጫው ስለተበላሸ ድምፃቸው ሳይቀረጽ ለተማሪዎቹ ሊያነቡላቸው ገቡ። ‹አንዴ ነው የማነበው፤ ያላዳመጠ የራሱ ጉዳይ ነው› አሉ፤ ሁልጊዜም እንዲያ ነው የሚሉት። እኔ አጠገባቸው ሆኜ የድምፁን መብራት እቆጣጠር ነበር። ሲጨርሱ ‹ትንሽ አርፋችሁ ስትመለሱ ታሪኩን አንድ በአንድ ትተርኩልኛላችሁ› ብለው ሻያቸውን ሊጠጡ ወጡ። ወዲያው ብርጭቆው ሲወድቅ ሰማሁ።»

«የፎቁ በር ክፍት ነበር?»

«በልምምድ ሰዓት ሁልጊዜ ይቆለፋል። ቁልፉም ይኸው፣ ከኪሴ አልወጣም።»

«ሲያነቡ የተለየ ነገር አላዩባቸውም?»

ሰውዬው አንገቱን አከከ። «እንግሊዝኛው ብዙም አይገባኝም። ግን ወደ መጨረሻው ላይ ደክሟቸው ነው መሰለኝ መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፃቸው ግን አልተቋረጠም።»

ምስጥ ራሷን ነቀነቀች። ሻዩ ከንባቡ በፊት ጤነኛ ነበር፤ ከንባቡ በኋላ ገደለ። መርዙን የጨመረው እንግዲህ አሰልጣኙ ሲያነቡ ከመከለያው ሹልክ ብሎ የወጣ ሰው ነው። ቴክኒሺያኑ ከአጠገባቸው አልተነሳም። የቀሩት ሦስቱ ተማሪዎች ናቸው፤ ሦስቱም ደግሞ ከወንበራችን አልተነቃነቅንም ብለው ምለዋል።

መጀመሪያ ያስገባችው «ካሴት» የሚሉትን ነው። ይህ ስም የወጣለት የሰማውን ሁሉ ቃል ሳያጎድል ስለሚመልስ ነበር። ነገ የሚሄደው እሱ እንደሚሆን ማንም አይጠራጠርም፤ አባቱማ ገና ሳይመረጥ ሰፈሩን በሙሉ እንኳን ደስ ያለህ አስብሎ ጨርሷል። ልጁ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ትናንት ምን ነበር ጩኸቱ?» አለችው።

«ጋሼ ሦስታችንንም ሰበሰቡን። ‹ከመካከላችሁ አንዱ የማነበውን ጽሑፍ ከመሳቢያዬ እየሰረቀ አስቀድሞ ያያል። ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ነገ ይለይለታል› አሉን። ይኼኔ ሳቂታ የምንላት ልጅ ብድግ ብላ ጮኸችባቸው።»

«ዛሬ ያነበቡላችሁን ንገረኝ። በእንግሊዝኛ ግን እንዳይሆን፤ የኔ ከሰላምታ አያልፍም።»

ካሴት ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ሰዓት ሠሪ ተለማማጆች ነበሩት። አንደኛው የደንበኛ ሰዓት ሰረቀ። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘግቶ ሁሉንም ፈተሸ፤ ሰዓቱንም ከልጁ ካልሲ ውስጥ አገኘው። ከዚያ መሣሪያውን ቀምቶ ወደ ጎዳና አባረረው። ልጁ ዝናብ ላይ ቆሞ የሱቁ መብራት ሲጠፋ አየ።»

«ጎበዝ! አንዲት ቦታ እንኳ አላደናቀፈህም።»

ቀጥሎ የገባው «ሦስቴ» ነው። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቱንም ወድቆ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ የመጣ፣ ጥፍሩን እስከ ሥጋው የበላ ልጅ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ሰዓት ሠሪ... አዎ፣ ሰዓት ሠሪ ነው። ሰዓት ጠፋበት። መሀል ላይ ቃላት አምልጠውኛል፤ አይቆጡኝ። መጨረሻ ላይ ግን ማንንም አልፈተሸም። ‹ራሱ መጥቶ ይንገረኝ› ነው መሰለኝ ያለው።»

በሩ ላይ ጆሮውን ተክሎ የነበረው ዲን ዘሎ ገባ። «አልፈተሸም? ካሴት ፈተሸ ብሎ የለም እንዴ! ይኼ ልጅ አልሰማም ማለት ነው። ሲነበብ ውጭ ነበር!»

«ቅድም ልጅቷ ናት ብለውኝ ነበር» አለች ምስጥ። «ይወስኑልኝና አንዳቸውን ልሰር።»

ሦስቴ «ኧረ ከወንበሬ አልተነሳሁም!» እያለ ወጣ።

ሳቂታ የገባችው እየሳቀች ነው። ዓይኗ ግን በእንባ ተሞልቷል። «ስፈራ ነው የምስቀው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። እባክዎ አይፍረዱብኝ።»

«ለምን ጮኽሽባቸው?»

«ሌባዋ አንቺ ነሽ ያሉኝ መስሎኝ ነዋ! ሲናገሩ ወደ እኔ የዞሩ መሰለኝ። ጠዋት ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ፣ ከልምምዱ በኋላ እላለሁ ብዬ ተውኩት።» ሳቋ ቆመ። «ለሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዬ ለውድድሩ አይፈቅድም። ዛሬ ካሰሩኝ አለቀልኝ፤ እንዲያው በቃ አለቀልኝ።»

«የሰማሽውን ንገሪኝ።»

ልጅቷ ነገረቻት። ስለ ሰዓት ሠሪውና ስለ ተለማማጆቹ፣ ስለ ተሰረቀው ሰዓት። «ሱቁን ዘጋ፤ ግን ማንንም አልፈተሸም። ‹የወሰደው ማን እንደሆነ አውቃለሁ› አለ። ‹ከመምሸቱ በፊት ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። ወንበሩም መሣሪያውም የሱ እንደሆነ ይቀራል። እኔም ለማንም አልተነፍስም።› እዚያ ላይ አቆሙ። ልጁ ይምጣ አይምጣ ሳይነግሩን።»

ምስጥ ወረቀቱን ለዲኑ ሰጠችው። «እስቲ ያንብቡልኝ፤ እንዴት ነው የሚያልቀው?»

ዲኑ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ አሯሯጠ፤ ፊቱም በራ። «ፈተሸ! ካልሲ ውስጥ አገኘ! አባረረ! ዝናብ! ልክ ካሴት እንዳለው። እነዚህ ሁለቱ ተመካክረው ነው የገደሉት። አለቀ፣ ይሰሯቸው!»

«እንዴ፣ አላለቀም» አለች። ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰች ነበር። ሁለት ሰዎች በተለያየ ሰዓት ገብተው አንድ ዓይነት ስህተት ተሳሳቱ። አንደኛው ቃል ያመለጠው፣ አንደኛዋ ቃል ያላመለጣት። ለመዋሸት የተመካከረ ሰው ምን ቢሆን ነው ወረቀት ላይ የሌለ ታሪክ የሚመካከረው? ድንገት ቆመች። መነጽሩን አነሳችና እንደገና ዓይኗ ላይ አደረገችው፤ ወዲያው አወለቀችው። «ሁሉንም ጥሩልኝ።»

ተሰበሰቡ። ሦስቱ ተማሪዎች በየመከለያቸው ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አዙረው ተቀመጡ። ዲኑና ቴክኒሺያኑ ቆሙ።

«ጠባቂ የሌለው እስር ቤት ነው ይኼ» ብላ ጀመረች ምስጥ መከለያዎቹን እያሳየች። «ማንም ተነስቶ ቢወጣ የሚያየው የለም። ግን አንድ ጣጣ አለው። የወጣ ሰው የሚነበበውን አይሰማም፤ ከዕረፍት በኋላ ደግሞ መተረክ አለበት። እንግዲህ በንባቡ መካከል ለመውጣት የሚደፍር ማን ነው? ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ። ጋሼ ትናንት ‹አውቄያለሁ› ያሉት ሌባ።»

«እኮ ማን?» አለ ዲኑ።

«ቆይ እንጂ፣ አይጣደፉብኝ። የኔ ጥያቄ ሦስቱም ምን ሰሙ የሚል ነበር። አንዱ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በቃል ነገረኝ። ሁለቱ ወረቀቱ ላይ የሌለ መጨረሻ ነገሩኝ። እርስዎ ወረቀቱን አመኑ። እኔ ደግሞ መነጽሩን አመንኩ።» ወደ ቴክኒሺያኑ ዞረች። «ጋሼ መጨረሻው ላይ ምን አደረጉ አሉኝ?»

«መነጽራቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።»

«ድምፃቸውስ?»

«አልተቋረጠም... ውይ!» ቴክኒሺያኑ አፉን በእጁ ያዘ።

«ያለ መነጽር አንዲት ፊደል የማይለዩ ሰው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ከወረቀት አያነቡም። መጨረሻውን ከራሳቸው ፈጥረው ነው የተናገሩት። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ የተሰማው ሳቂታና ሦስቴ የነገሩኝ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን መጨረሻ ዛሬ ማንም ከጋሼ አፍ አልሰማም። ያንን የሚያውቀው ከመሳቢያቸው ሰርቆ ያነበበው ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ አንድ መከለያ ዞሩ። የካሴት ፊት አመድ መስሏል።

«አደባልቄው ይሆናል» አለ። «ረስቼ...»

«አንተ? ካሴት?» አለች ምስጥ በቀስታ። «ብትረሳማ ኖሮ በዳንክ ነበር፣ የኔ ልጅ። ሦስቴን ያመንኩት እየረሳ ስለነገረኝ ነው።»

ልጁ የሸሚዙን ቁልፍ ሊፈታ ታገለ። ከዚያ ቁልፉ ተበጥሶ ምንጣፉ ላይ ወደቀና ካሴት እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ያባርሩኛል ብዬ ነው! ‹ይለይለታል› ብለውኝ ነበር እኮ! ሊነግሩ ነው፣ አባቴ ሊሰማ ነው፣ ሰፈሩ ሊሰማ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። ማንበብ ሲጀምሩ ማዳመጫውን ወንበሩ ላይ ጥዬ ወጣሁ። መርዙን ብርጭቋቸው ውስጥ ልጨምር አልጨምር እያልኩ ዕቃ ቤቱ ብዙ ቆየሁ፤ ስመለስ ጨርሰው ነበር።»

«አዎ፣ ይለይለታል ብለው ነበር» አለች ምስጥ። ድምፅዋ ውስጥ ንዴትም ሐዘንም ነበረ፤ አልደበቀችውም። «የተለየውም በዚህ ነበር። ሌባው ማን እንደሆነ አውቀው፣ በሰው ፊት ላለማዋረድ ብለው፣ ማዳመጫው ውስጥ ስሙን ሳይጠሩ ነገሩት። ያ መጨረሻ የፈተና ጥያቄ አልነበረም። ላንተ የተላከ ነበር።»

ካሴት ቀና አለ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው በፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ሦስቴ ማየት አቅቶት ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቀለ። ልጁ ወደ ሳቂታ ዞረ።

«ምን ነበር ያሉት?» አላት። «መጨረሻውን ንገሪኝ።»

ሳቂታ ምስጥን አየቻት። ምስጥ ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷም አሰልጣኙ በተናገሩበት በእንግሊዝኛው፣ ነገ በውድድሩ መድረክ ላይ በምትናገርበት በዚያ ጥርት ባለ ድምፅዋ ነገረችው። ራሱ መጥቶ ይንገረኝ። ወንበሩም መሣሪያውም የሱ እንደሆነ ይቀራል። እኔም ለማንም አልተነፍስም። አንዴም አልሳቀችም።

ሁለት ፖሊሶች በኋላው በር ገብተው ክንዱን ያዙት። ካሴት ተነሳ፤ ከበሩ ሲደርስ ግን ወደ ሳቂታ ዞረ።

«ድገሚልኝ» አላት።

ጋሼ ሁለተኛ አያነቡም ነበር። ሳቂታ ግን እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ደገመችለት።