የተደበቁት መስመሮች

ተረት ከመሰላችሁ አዘዞ ወርዳችሁ ጠይቁ። ቤቱ እስከ ዛሬ እንደተዘጋ ነው።

የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ፀደንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ባሏ ምንዳዬ ከደባርቅ ሲመለስ መኪና ተገልብጦበት አልጋ ላይ ቀረ። አይናገርም። ከዓይኑ በቀር የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

እሷ ደግሞ ሰልችቷታል።

ሳሎን ቁጭ ብላ ዕቅዷን ላፕቶፗ ላይ በርዕስ በርዕስ ታሰፍራለች። "ቤቱን መሸጥ።" "መድኃኒቱን ማቆም።" "ምንዳዬን ድብ ባሕር ከሚኖረው ወንድሙ ቤት ጥሎ መምጣት።"

የምትጽፍበት ፕሮግራም በየርዕሱ ሥር ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ራሱ ይመዘግባል። ፀደንያ ግን ገጹን ያጨናንቁብኛል ብላ እነዚያ መስመሮች እንዳይታዩ አድርጋቸዋለች።

ያን ዕለት እህቷ ቃልኪዳን አብራት ነበረች። ቤቱን ለመሸጥ ያሰበችው መቼ እንደሆነ ጠየቀቻት። ፀደንያ ቀኑን ለማየት የተደበቁትን መስመሮች ገለጠቻቸው።

ጸሐፊ፦ ፀደንያ።

ከሥሩ ደግሞ...

አንባቢ፦ ምንዳዬ።

በሁሉም ርዕስ ሥር እንዲሁ ነው።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው?" አለች ቃልኪዳን በሹክሹክታ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ማን..."

"ዝም በይ። ይሰማል።"

መልሳ ደበቀቻቸው። ገጹ ንጹሕ ሆነ። ትንሽ ተነፈሰች... ግን አላስቻላትም። እንደገና ገለጠቻቸው።

"መድኃኒቱን ማቆም" ከሚለው ሥር አዲስ መስመር ተጨምሯል።

መልስ፦ ካቆምሽው ሰነበትሽ። አውቃለሁ።

ቃልኪዳን ቀስ ብላ ቀና አለችና እህቷን አየቻት። ፀደንያ ይህን አልነገረቻትም ነበር።

ፀደንያ ተነሥታ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ምንዳዬ ጠዋት እንዳስተኛችው ነው። ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችው...

ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።

አንሶላውን መታ... መታ... ያደርጉታል። እንደሚጽፍ ሰው።

"ፀዲ..." አለች ቃልኪዳን ከሳሎን። "ላፕቶፑ ማንም ሳይነካው እየጻፈ ነው።"

"ምን ብሎ?"

"አዲስ ርዕስ... ስምሽን።"

ቃልኪዳን ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"ከሥሩ 'የሚፈጸምበት ቀን' ይላል። የዛሬ ነው..."

ጣቶቹ ቆሙ።

ከዚያ ምንዳዬ ፊቱን ከግድግዳው ላይ አንሥቶ፣ ቀስ እያለ... ወደ እሷ ዞረ።