የጉተማ ጃፓን እሁዶች

ኮርሳ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ድረስ የኦሳካ ግንብና የኦሳካ የዓሦች ቤት ጎን ለጎን የቆሙ ይመስለው ነበር። ተሳስቷል፤ ያሳሳተው ግን የጂኦግራፊ መጽሐፍ አይደለም። ሁለቱን ያጎራበታቸው የአባቱ አንደበት ነው። በአባቱ ትረካ ውስጥ ሰው ነጩን ግንብ፣ አረንጓዴ ጣሪያውንና የወርቅ ጌጦቹን ያያል፤ ግንቡን የከበበውን ውኃ ይሻገራል፤ ጥቂት ራመድ ሲል የሚኒባስ ያህል ርዝመት ያለው ዓሣ ከመስታወት ጀርባ ሲንሳፈፍ ያገኛል። ከዚያ ወጣ እንዳለ፣ ከምግብ ቤት ደጃፍ በላይ የተሰቀለ ግዙፍ ሸርጣን እግሮቹን እያንቀሳቀሰ ይቀበለዋል። ኮርሳ ይህን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማ ስላደገ፣ ከሚኖርበት ከመካኒሳ ቀጥሎ አጥርቶ የሚያውቀው ሰፈር ኦሳካ ነበር።

ያን እሁድ ከሰዓት በኋላም ትረካው እየተደገመ ነበር። አባቱ ጉተማ ሶፋው ላይ ደገፍ ብሎ፣ እንደ ልማዱ ዓይኖቹን በከፊል ከድኖ ያወራል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታቸው ክብረት ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የሚለውን ሁሉ በስልኳ ላይ ትጽፋለች። አብራት የመጣችው እናቷ ተሾመች ደግሞ ለመሳቅ የተዘጋጀች ትመስላለች።

ጉተማ ነፋስ ስልክ አካባቢ በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ በቶርኖ ማሽን ብረት የሚቀርጽ ሠራተኛ ነው። ኮርሳ ገና ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ፋብሪካው እሱንና ላቀው የተባለ ባልደረባውን ለሦስት ወር ሥልጠና ወደ ኦሳካ ልኳቸው ነበር። ከተመለሰ በኋላ ሰፈሩ ስሙን «ጉተማ ጃፓን» አለው። ሠርግ ቤትም ሆነ የዕድር ስብሰባ ላይ፣ ወሬ ሲቀዘቅዝ አንዱ ይነሣና ግንቡን እንዲያወራላቸው ይጠይቀዋል። እሱም ያወራል፤ ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል፣ ሁልጊዜ በተከደኑ ዓይኖች። ኮርሳ ይህን የትዝታ ጣዕም አድርጎ ይቆጥረው ነበር።

የክብረት ጥያቄ ግን ለጨዋታ አልነበረም። በትምህርት ቤቷ የሮቦት ቡድን ውስጥ ስላለች፣ በሚቀጥለው ወር ለታዳጊዎች ውድድር ኦሳካ ትሄዳለች። በመጨረሻው ቀን፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሄዳቸው በፊት፣ ግማሽ ቀን ለጉብኝት ተሰጥቷቸዋል። ምን እንደሚያዩ ዕቅድ እንድታወጣ መምህሯ የመረጧት፣ ከተማዋን እንደ ሰፈሩ የሚያውቅ ጎረቤት እንዳላት በክፍሉ ሁሉ ፊት ስለተናገረች ነው።

«ጋሽ ጉተማ፣ ከግንቡ ወደ ዓሦቹ ቤት በምንድን ነው የሚኬደው?» አለች።

አባቱ ዓይኑን ሳይገልጥ መለሰ። «በእግር ነው። ከእኛ ብሎክ እስከ ሚካኤል ቢሆን ነው።»

«ሸርጣኑስ?»

«እሱም እዚያው ነው።»

ክብረት ጻፈች። ተሾመች የጠበቀችው ሰዓት የደረሰ ይመስል ወደ ልጇ ዞረች፦ «አንቺ ስትመለሺ እንኳ አንድ ማንኪያ ይዘሽልኝ ነይ። ይኸው ጉተማ ወሬውን ብቻ እያበላን ስንት ዓመቱ!» ሁሉም ሳቁ። አባቱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ።

ኮርሳ ማታውኑ ስልኩን ከፍቶ ያችን አጭር መንገድ በካርታ ላይ ፈለጋት። ክብረት ስትሄድባት ከሩቅ ሊከተላት የፈለገ ያህል ነበር። ግንቡን አገኘው። የዓሦቹን ቤትም አገኘው፤ ከከተማዋ ሌላኛው ጫፍ፣ ከባሕሩ ዳር። በመካከላቸው ያለው መንገድ በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል ይላል፤ ከመካኒሳ ተነሥቶ ፒያሳ እንደ መድረስ። መጀመሪያ የጠረጠረው ካርታውን ነው። ይኸው ካርታ የራሳቸውን ብሎክ ወንዝ ውስጥ አስቀምጦት ያውቃልና። ደጋግሞ ፈለገ፤ ባሕሩ ከቦታው አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ክብረትን አገኛት። መምህሯ ሐሳቡን ወደውታል፤ ረቡዕ ጠዋት ዕቅዱን ትልክላቸውና እሳቸው ለውድድሩ የጃፓን አዘጋጆች ያስተላልፋሉ።

«ልጆቹ ሙድ ሲይዙብኝ ነበር፤ ጎረቤቷ በህልሙ ነው የሄደው እያሉ» አለችው። «አባትህ ባይኖር ሼም ነበር።»

«ካርታ ላይ ግን አይተሽዋል?»

«ከፍቼው ነበር፣ ፊደሉ ራሴን አዞረኝ። ደግሞ በእግሩ የሄደ ሰው እያለልኝ ካርታ ምን ያደርግልኛል?»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሷ ገባች፣ እሱ ለሚቀጥለው ቀረ። ቀኑን ሙሉ፣ አምስት ልጆችና አንድ መምህር በማያውቁት ከተማ ሻንጣቸውን እየጎተቱ በእግር ሲሄዱ፣ አውሮፕላኑም ጥሏቸው ሲነሣ ይታየው ነበር።

ማክሰኞ የውኃ ቀን ነው። ውኃው ከምድር ቤት አልፎ ስለማይወጣ፣ እናቱ ቢፍቱ እህቷን ልታርስ ሰበታ ከሄደች ጀምሮ ጀሪካኖቹን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣው ኮርሳ ነው። ያን ቀን ውኃውን ጨርሶ ከጎፋ ልጆች ጋር የሚደረገውን ግጥሚያ ለማየት አስቦ ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀው ጨዋታ። የመጨረሻውን ጀሪካን አስቀምጦ ለአንድ አፍታ ጋደም አለ። ሲነቃ ጓደኛው ሬድዋን በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጨዋታው አልቋል። ሬድዋን የገባውን ጎል በእጁም በእግሩም እያሳየ ተረከለት። ኮርሳ መነሣት አቅቶት፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠው፤ ኳሷም አንግሉን ታካ ስትገባ ቁልጭ ብላ ታየችው።

ሬድዋን ከሄደ ብዙም ሳይቆይ አባቱ ከሥራ ገባ። የዘይትና የብረት ብናኝ ሽታውን እንደ ያዘ ሶፋው ላይ ወደቀ። ኮርሳ ተንበርክኮ የጫማውን ማሰሪያ ይፈታለት ጀመር።

«አባዬ፣ ግንቡና የዓሦቹ ቤት በጣም ይራራቃሉ።»

«ማን አለ?»

«ካርታው።»

ከታች የታክሲ ረዳት «ሳር ቤት፣ ሜክሲኮ» እያለ ሲጣራ ይሰማል። አባቱ ዓይኑን አልገለጠም።

«ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «እኔ አላየኋቸውም።»

ከዚያ በኋላ የተናገረው ዝግ ባለ፣ ከማንም ጋር በማይከራከር ድምፅ ነበር። ሥልጠናው ከንጋት እስከ ምሽት ነው፤ ከማሽኑ ሲለቀቁ ደግሞ በአስተርጓሚ ትምህርት አለ። የሚያርፉት እሁድ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው እሁድ ላቀው ተነስ እንውጣ ብሎ ቢቀሰቅሰው፣ ለሳምንት ይሁን አለው። ሳምንት ሲመጣ ጉልበቱ አልመጣም። ላቀው ከተማዋን ዞሮ ማታ ሲመለስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያየውን ይነግረዋል፤ ግንቡን፣ ዓሣውን፣ ሸርጣኑን። ጉተማ ተጋድሞ ይሰማል። ሁሉም ወደ እሱ የመጡት በዚያች አንዲት አልጋ በኩል ስለሆነ፣ በመካከላቸው ርቀት ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም። ላቀው ከተመለሱ በኋላ ሥራ ቀይሮ አዳማ ስለገባ፣ የሚያርመውም አልተገኘም።

«ገና ከኤርፖርት ሳልወጣ ምን አየህ አሉኝ» አለ። «ተኛሁ ልበላቸው? ሰው ጃፓን ድረስ ሄዶ ይተኛል?»

ኮርሳ ጫማውን አውልቆለት ከሶፋው ሥር አስቀመጠው። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ቁጣው ግን ከየትም አልመጣለትም። ክንዱ ገና ከጀሪካኑ ክብደት እንደ ዛለ ነው።

«ታዲያ አንተ ራስህ ያየኸው ምንድን ነው?»

አባቱ ዓይኑን ገለጠ። ኮርሳ አባቱን ስለ ኦሳካ ዓይኑን ገልጦ ሲያወራ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ባቡሩን» አለ። «ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደው ሰው ሁሉ ቆሞ ይተኛል፤ ከላይ የተንጠለጠለውን መያዣ እንደ ያዘ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የሚወርዱበት ሲደርስ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ወደ በሩ ይዞራሉ። እኛም እዚያው ነበር የምንወርደው። አንድ ቀን እኔም እንደ እነሱ ቆሜ ተኛሁ። ስንደርስ ሽማግሌው ክንዴን ነካ አድርገው ቀሰቀሱኝ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ያን ቀን አገሬ ያለሁ መሰለኝ።»

ከዚያ ዓይኖቹ እንደገና ተከደኑ። «ይኼ ለጎብኚ የሚሆን አይደለም። ለክብረት ካርታ ላይ አየሁ በላት። አባቴ ረስቶት ነው በላት። ሰው ይረሳል።» ይህን እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ኮርሳ ነገሩን ሲያወጣና ሲያወርድ አመሸ። አባቱ ያቀበለው ሰበብ ቀላል ነው፤ ዕቅዱም ይስተካከላል፣ ማንንም አይጎዳም። ሆኖም ክብረት ከኦሳካ ስትመለስ ያየችውን ይዛ ትመጣለች፤ አባቱም ዓይኑን ከድኖ አብሯት ሊያስታውስ ይሞክራል። ከዚያ ሠርግ አለ፣ ዕድር አለ። ውኃ እንኳ አራተኛ ፎቅ ሲደርስ ይቀመጣል፤ ይህ ሸክም ግን የሚወርድበት የለውም።

ረቡዕ ማለዳ አባቱ በሩ አጠገብ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ሲያስር፣ ኮርሳ ለክብረት እውነቱን ሊነግራት እንደሆነ ገለጸለት። የአባቱ ጣቶች ማሰሪያው ላይ ቆሙ።

«ተሾመች ሰማች ማለት እስከ ቄራ ተሰማ ማለት ነው» አለ።

«እንዳልነግራት ትፈልጋለህ?»

አባቱ ምሳ ዕቃውን አንሥቶ ወጣ። ኮርሳ የእግሩን ኮቴ ደረጃው ላይ ሰማው፤ ጥቂት ወርዶ ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፁ ከታች መጣ።

«የባቡሩን እንዳትረሳ። ጠዋት ከተሳፈሩ ነው የሚያዩት።»

ኮርሳ ቦርሳውን አንግቶ ወረደ። ታክሲ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ክብረት መሐሉ ላይ ቆማ፣ ዕቅዱን ለመምህሯ ልትልክ ስልኳን ታስተካክላለች። ገና ስታየው ምን ሆነህ ነው፣ አልተኛህም እንዴ አለችው። አጠገቧ ቆመና ከግንቡ ወደ ዓሦቹ ቤት በእግር እንደማይደረስ፣ አባቱ ሁለቱንም እንዳላየ፣ እሁድ እሁድ ደክሞት ይተኛ እንደነበር፣ ቆመው ስለሚያንቀላፉት የጠዋት ተሳፋሪዎችና ክንዱን ስለነኩት ሽማግሌም ነገራት።