ያልፈነዳችው ኮከብ

የከዋክብት መመልከቻው ሹም ማለዳ ከጉልላቱ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ክንዱ ላይ ጨብጦ የገፋው እጅ ሰንበር ነበረበት። መርማሪዋ ስትደርስ ሴት ልጁ፣ ምክትሉና ዘበኛው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው በዓይን ይበላላሉ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጃት እንጂ!» አለ ምክትሉ። «ማታ ስትጮህበት ነበር።»

«ዕረፍ ብዬ ተቆጣሁት እንጂ አልገፋሁትም» አለች ልጅቱ። «አንተ ግን ሬሳው ሳይነሳ የፈነዳችውን ኮከብ ግኝት በስምህ አወጅክ። ሌባ!»

«ማን ገባ፣ ጋሼ?» አለች መርማሪዋ ወደ ዘበኛው ዞራ።

«እኔ በር እንጂ አጥር አልጠብቅም። በበሩ ያለፈችው እሷ ብቻ ናት።»

አብሯት የመጣው ፖሊስ ለልጅቱ ካቴና አወጣ። መርማሪዋ በእጇ ከልክላው ወደ ጉልላቱ ወጣች። ጠረጴዛው ላይ ያረጀ የከዋክብት ማውጫ ተገልጧል፤ የአንዲት ደብዛዛ ኮከብ አድራሻ ቁጥር በእርሳስ ተከቧል። ማታ ሰማይ ላይ ድንገት ቦግ ያለው ብርሃን ከመፈንዳቱ በፊት የትኛዋ ኮከብ እንደነበረ ሹሙ የለየው ከዚያ ነው።

«ዶክተር፣ ሌሊቱን የት ነበሩ?» አለችው ወርዳ ምክትሉን።

«ቤቴ። ኮከቧን የለየኋት በኮምፒውተሬ ነው። ያንን የምስጥ ቀለብ የሆነ ማውጫ ነክቼው አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጉልላቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሌሎች መመልከቻዎች መልስ ልከዋል። ዶክተሩ ፈነዳች ያሏት ኮከብ እንደወትሮዋ ቁጭ ብላለች።»

«ስህተት ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ይሄኛው ስህተት ልዩ ነው። ምድር እየተንገዳገደች ስለምትሽከረከር የከዋክብት አድራሻ በየዓመቱ ይንሸራተታል። ባረጀ ማውጫ የሚሠራ ሰው ቁጥሩን አስልቶ ወደ ዛሬ ማምጣት አለበት።»

«አባቴ በቃሉ ነበር የሚያሰላው» አለች ልጅቱ።

«ኮምፒውተርም ራሱ ያሰላዋል። ዶክተሩ ያወጁት ቁጥር ግን ሳይሰላ፣ እርሳሱ እንደከበበው ነው። በድሮ አድራሻ ሄደው የሰው በር አንኳኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብርሃኑ የታየው ከመሸ ነው፤ ክቡ የተሳለው ከዚያ በኋላ፤ ፖሊስ ጉልላቱን ያሸገው ማለዳ ሬሳው እንደተገኘ። ታዲያ ሌሊት በአጥር ዘለው ካልገቡ፣ ቤትዎ ተቀምጠው ይሄን ገጽ እንዴት አዩት?»

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ። «ስሜን አብረህ አስገባ አልኩት! ሳቀብኝ! ክንዱን ያዝኩት…»

ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ዞሮ፣ ሳያፍር ልጅቱን ጠየቃት። «የፈነዳችው ትክክለኛዋ ኮከብ የትኛዋ ናት?»

ልጅቱ ትክ ብላ አየችው፤ ጠላችው። «አባቴን ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር» አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።