ለአንድ በር የተነፈገ እርማት

ሐጂ ከሊፋ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ባለው ሱቃቸው ጓሮ፣ ሥጋና ዓሣ በሚያስቀምጡበት ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ደርቀው ተገኙ። ጥፍራቸው በሩን ቧጥጦ ተሰባብሯል። በጅቡቲ ሐምሌ በብርድ መሞት! ሰፈሩ ጉድ አለ።

ፖሊስ የቤት ሠራተኛዋን ተቅዋን አሰረ። በዚያ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቤት የነበረችው እሷ ብቻ ናት፤ ደግሞስ ድሃ ማሰር ምን ይከብዳል?

መርማሪ ማይሙና ግን ተቅዋን ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት።

«ለምን አልከፈትሽላቸውም?»

«ኧረ በአላህ! መግባታቸውን መች አየሁ? ከዚያ ክፍል ድምፅ አይወጣም። እኔ ደግሞ ብቻዬን አልገባበትም፤ ዮሳዲቅ አስምሎኛል።»

«ዮሳዲቅ ማነው?»

«የማቀዝቀዣውን በር ኮምፒውተር የሚያይልን ልጅ።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ ሱሪያ በእልህ ገቡ። «ወላሂ ይቺው ናት! ከሁለት ዓመት በፊት ሠራተኛችን ዙፋን እዚያው ክፍል ተቆልፎባት ሞተች። ይቺ ከዚያ ተምራ ነው!»

«ያኔ ምን ተደረገ?»

«ምን ይደረጋል? ዕድሏ ነው። ሬሳዋን ወደ አገሯ ላክን።»

ማይሙና ዮሳዲቅን አስጠራች።

ዮሳዲቅ ሲጠየቅ ትከሻውን ሰበቀ። «የበሩ ሶፍትዌር ክፍት ነው። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፤ ማንም ያነበዋል።»

«እንግዲያው አነበዋለሁ» አለች ማይሙና።

አነበበችም። ማን ምን እንደቀየረ ከነስሙ ሰፍሯል። በእንግሊዝኛው መሀል አንድ የአማርኛ ማስታወሻ ዓይኗን ያዘው፦ «መብራት ጠፍቶ ሲመጣ በሩ ከውስጥ አይከፈትም ነበር። ይህ ስህተት ሰው ገድሏል።» የአራሚው ስም ዙፋን ይላል።

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ተቅዋ ከነካቴናዋ ቆማለች።

«የሞተ ሰው ኮድ አያርምም» አለች ማይሙና። «በስሟ ያረመ አለ። እርማቱ ከወጣ ዓመት አልፎታል። እዚህ በር ላይ ሌላው ፕሮግራም ሁሉ ባለፈው ሳምንት ታድሷል፤ እርማቱ ያለበት ይሄ አንዱ ብቻ እንዳይታደስ ታግዷል። የይለፍ ቃሉ በአንድ ሰው እጅ ነው። ተቅዋን እንዳትገባ ያስማላትም እሱ ነው። አደጋውን ባያውቅ ምን አስፈራው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዮሳዲቅ፣ ዙፋን ምንህ ናት?»

«ታናሽ እህቴ።» አለ ዮሳዲቅ። «በሩ እንደሚቆለፍ ለሐጂ ነግራቸው ነበር። ‹ለሠራተኛ ብዬ በር አልቀይርም› አሏት። ስልክ ደውላልኝ አልቅሳለች። ስለዚህ ሥራቸውን ይዤ ጠበቅሁ፤ በዚህ ከተማ መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ተቅዋን ያስሯታል ብዬ ግን አላሰብኩም። ፍቷት።»

ማይሙና ካቴናውን ከተቅዋ እጅ አውልቃ ለእሱ አጠለቀችለት።

«ነፍሰ ገዳይ!» ብለው ጮኹ ሱሪያ።

ዮሳዲቅ ሲወሰድ የሱቁ በር ላይ ደርሶ ዞር አለ። «ለዓለም ሁሉ አርሜዋለሁ፤ ለሐጂ ብቻ ተውኩት። እርስዎ እንደሚሉት ነው ወይዘሮ ሱሪያ፤ ዕድላቸው ነው።»