ፀሐይ የጠላች ኪያር

ይሄን ታሪክ ፈጥሬ አላወራሁትም። ብፈጥረው ኖሮ ራሴን እንዲህ ክፉ አላደርግም ነበር።

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ከቤታችን ጀርባ፣ ጓሮ ውስጥ ነበርኩ። እጄ አፈር በአፈር።

የኪያር ሐረግ እያሰርኩ ነው። ግን የምታውቁት ኪያር እንዳይመስላችሁ... ፍሬዋ ከወይን ፍሬ አትበልጥም። ዥንጉርጉር ናት፣ ትንሽዬ ሐባብ ነው የምትመስለው። ዘሯን ፈልጋ ያስመጣችው ታላቅ እህቴ እታለም ናት።

እታለም እግሯ ከከዳት ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር።

"አውጪኝና ልያት" ትለኛለች በየቀኑ።

"ነገ" እላታለሁ በየቀኑ።

ያን ቅዳሜ ከክፍሏ ጠራችኝ።

ሰማሁ።

ደግማ ጠራችኝ...

ሰማሁ። ግን ሰልችቶኝ ነበር። ይቺን ልሰርና አልኩ። ከዚያ ሌላዋን...

ስገባ ወለሉ ላይ ነበረች። በደረቷ እየተሳበች እስከ ክፍሉ መሃል መጥታ ነበር። ትንፋሽ የላትም።

ለወንድማችን "በእንቅልፏ ነው ያረፈችው" አልኩት። አመነኝ። አቅፎ "አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጣት ነበር" አለኝ።

ክፍሏን ቆለፍኩት።

በሳምንቱ ሐረጓ ያሰርኩላትን ገመድ ለቃ አገኘኋት። ፀሐዩን ትታ ወደ ጥላው ዞራለች... ወደ እታለም መስኮት።

መለስኳት። በማግስቱ ዞራለች። ደግሜ መለስኳት። ዞራለች።

በመጨረሻ ከሥሯ በመቀስ ቆረጥኳት።

አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ቅጠሏ እንኳ አልጠወለገችም።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት ወንድሜ መጣ። ጓሮ ተቀምጠን ስናወራ ድንገት ወደ ቤቱ ዞረ።

"ቤት ውስጥ ሰው አለ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ማንም የለም።"

"እየጠራሽ እኮ ነው... አትሰሚም?"

ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም።

"አልሰማሁም።"

ማርያምን፣ እውነቴን ነበር። ግን እየተናገርኩት እንኳ ውሸት ውሸት አለኝ።

ወንድሜ ፊቱ አመድ መሰለ።

"እታለም ናት" አለ። "ቶሎ ነይ እያለችሽ ነው።"

ገብቼ የክፍሏን ቁልፍ አዞርኩት።

ሐረጓ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብታ ወለሉን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አልብሳዋለች። ያልነካችው እታለም የወደቀችበትን ቦታ ብቻ ነው። የተኛ ሰው ቅርጽ... ራሱ፣ ትከሻው፣ የተዘረጋው እጁ።

ከጎኑ ደግሞ ሌላ ባዶ ቦታ አለ።

በእኔ ቁመት።