የደረጀ ጭነት መኪና

እናቴ ስለ ጂን ስታወራ እኔ እጄን ታጥቤ እራቴን እበላ ነበር፣ ለእንዲህ ያለ ነገር የነበረኝ ግምት ይኸው ነው። ለዓመታት በጨለማ ብቻዬን ነድቻለሁ፣ ጫካ ዳር አቁሜ ጋቢና ውስጥ ተኝቻለሁ፣ አንድም ቀን ጥላ እንኳን አስደንግጦኝ አያውቅም። ስለዚህ ይህን የምነግርህ እኔ ጀማል ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም ወዳጄ፣ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው፣ ያውም በቀን።

መጀመሪያ መኪና ፍለጋ ለምን እንደወጣሁ ልንገርህ። ድሮ የምሠራው እዚሁ ፍራንክፈርት ውስጥ ነበር፣ ኦስትሃፈን፣ የወንዙ ወደብ ካለው መጋዘን ጭኜ ኖርድኤንድና ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ላሉ ሱቆች አራግፍና ማታ እቤቴ እገባለሁ። ካሚል የሚባል የሥራ ባልደረባ ነበረኝ፣ እንጀራ አብረን የቆረስን ሰው። አንድ ቀን መኪናህን ላጠጋልህ ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝና የመጋዘኑን በር ገጨው፣ ከዚያ ሄዶ ለአለቃችን ጀማል መሪ ላይ ተኝቶ ነው አለው። ታመነ። እኔ ተባረርኩ፣ መስመሬን እሱ ወሰደው። ሌላ ድርጅት ገብቼ ሩቅ አገር መንዳት ጀመርኩ፣ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነኝ፣ ቤት ስገባ ልጄ «ፓፓ፣ ብላይብስት ዱ?» ትለኛለች፣ ትቆያለህ ወይ ማለቷ ነው፣ እንግዳ እንደሚጠየቀው። እውነቱን ልንገርህ፣ ካሚልን አልረሳሁትም፣ ቂሙ የመንገድ ስንቄ ነበር።

ባለቤቴ ሐያት ታዲያ የራስህን መኪና ግዛና እዚሁ ሥራ አለችኝ። ነገሩን አወጣሁ አወረድኩት። የራስ መኪና ያኮራል፣ ግን ሲበላሽም ያንተ ነው፣ ነዳጁም ኢንሹራንሱም ያንተ ነው፣ እሱ ከቆመ ቤትህም ይቆማል፣ የከተማ ጭነት ደግሞ መንገዱ ቢያጥርም ቀኑ የሚያልቀው ራምፔ ላይ ነው፣ ማለቴ የሚጫንበት መድረክ ላይ ተራ ስትጠብቅ። ሚዛኑን የደፋው ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። ካሚል የቀማኝን መስመር በራሴ መኪና፣ እዚያው ዓይኑ ፊት እመልሳለሁ የሚለው ሐሳብ ነው።

ጊንሃይም በሚባለው ሰፈር፣ ከቴሌ ማማው ሥር ካሉት ፎቆች በአንዱ አቶ ታደለ የሚባሉ ጡረተኛ መሐንዲስ ይኖራሉ። የሟች ታናሽ ወንድማቸውን የደረጀን መኪና ሊሸጡ ነው ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ደረጀን አላውቀውም፣ የሠራው ማንሃይም ነው። አቶ ታደለ እንደነገሩኝ፣ አንድ የሥራ ጓደኛው ወደ ኋላ ሲነዳ ከራምፔው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ገደለው፣ ከዚያም ደረጀ ሰክሮ ነው ከኋላዬ የገባው ብሎ መስክሮ ነፃ ወጣ። የሰውየውን ስም አልጠሩም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ነድቼ እንድሞክረው ቁልፉን ሲሰጡኝ ብቻ «ደረጀ በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም» አሉኝ።

ጭጋግ የበዛበት የኖቬምበር ከሰዓት ነበር። ሞተሩን ሳስነሳ የቀበቶ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፣ የእኔን አስሬያለሁ፣ የሚጮኸው ከጎኔ ላለው ባዶ ወንበር ነው። ሽቦው ተበላሽቷል አልኩና ያን ቀበቶ ባዶውን አሰርኩት፣ ዝም አለ። ሰፈሩን ዞሬ ልመለስ ነበር ሐሳቤ፣ የመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ግን ፍሬቻው በራሱ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ፣ ባጠፋው መልሶ ይበራል፣ ከኋላዬ ያለው ሹፌር በክላክስ ሲያደነቁረኝ ፍሬቻው ወዳለው ታጠፍኩ። ቀጥሎም እንዲሁ፣ ከዚያም እንዲሁ። እመነኝ፣ ሳቄ መጥቶ ነበር። ኖርድኤንድን አልፌ ወደ ኦስትሃፈን ስወርድ ግን ሳቁ ጠፋ፣ መስታወቱ ሁሉ በእንፋሎት ተሸፍኖ ሳለ በባዶው ወንበር በኩል ያለው መስኮት ላይ መዳፍ የምታክል ቦታ ተጠርጋ አየሁ፣ ያውም ከውስጥ፣ ሰው ውጭውን ለማየት እንደሚጠርገው። የእኔ እጅ እዚያ አይደርስም።

የድሮው መጋዘን ግቢ ገባሁ፣ ለምን እንደገባሁ አትጠይቀኝ። ራምፔው ፊት አቁሜ የእጅ ፍሬን ያዝኩ። ካሚል ብቻውን ቆሞ ያጨሳል። አየኝና ፈገግ አለ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ እየተንጠባረረ መጥቶ በመኪናውና በግድግዳው መሀል ቆመ። መኪናው መንቀሳቀስ የጀመረው ያኔ ነው። ቀስ ብሎ። ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፣ የእጁም እንደተያዘ ነው፣ መኪናው ግን ይሄዳል። ካሚል ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ ግድግዳው ያዘው፣ መኪናውም ደረቱ ላይ ደርሶ ቆመ፣ ሳያደቀው፣ ግን ሳያላውሰው። ከጎኔ ቀበቶው ቀጭ ብሎ ተፈታ።

ካሚል እኔን አያይም። የሚያየው ከጎኔ ያለውን ወንበር ነው።

«ጀማል» አለኝ፣ ድምፁ የሕፃን ሆኖ፣ «ደረጀን ለምንልኝ። መኪናውን ወደ ኋላ ይመልስልኝ በለው።»

የደረጀን ስም ከእኔ አፍ አልሰማም። የአቶ ታደለ ታሪክና የእኔ ታሪክ ያኔ ገጠሙልኝ፣ ካሚል ወደ እኛ የመጣው ከማንሃይም ነበር። ወደ ኋላ ማርሽ ማስገባት እችል ነበር፣ እጄ እዚያው ላይ ነበር፣ አላስገባሁም። መስኮቱን አወረድኩና መጀመሪያ እውነቱን ተናገር አልኩት። በሩን የገጨው እሱ መሆኑን ተናገረ። ስለ ደረጀስ አልኩት። አለቀሰ።

«ደረጀ ጠጥቶ አልነበረም» አለ። «ስልኬን እያየሁ ነው የነዳሁት።»

እንዴት እንደጣፈጠኝ ልነግርህ አልችልም፣ ውሃ የጠማው ሰው እንደሚጠጣው ነው የሰማሁት። ከጎኔም ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፣ ሸክም ያወረደ ሰው ትንፋሽ፣ ከዚያ መኪናው ማርሽ ሳላስገባ፣ በደልዳላው ሜዳ ላይ፣ ወደ ኋላ ተንሸራተተ።

ወደ ጊንሃይም ስመለስ አቶ ታደለ ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉንም፣ የካሚልንም ስም ነገርኳቸው፣ ይስቁብኛል ብዬ ነበር፣ አልሳቁም። ቁልፉን ሳይቀበሉኝ ዞረው በወዲያ በኩል ያለውን በር ከፈቱና፣ ሰው ሲወርድ እንደሚደገፈው ክንዳቸውን ዘርግተው ትንሽ ቆዩ።

«ተገናኙ ማለት ነው» አሉ።

መኪናውን አልገዛሁም። ካሚል ለአለቃው የበሩን ነገር ተናግሮ ከከተማው ጠፋ፣ አለቃውም ራሱ ደውሎ መስመሬን መለሰልኝ፣ አሁን በኪራይ መኪና በራሴ ስም እሠራለሁ። ስለ ደረጀ ግን ካሚል ለሌላ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

በቀደም አቶ ታደለ ደወሉልኝ። መካኒኩ ፍሬኑንም ሽቦውንም ፈትሾ ምንም እንዳላገኘ ነገሩኝ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ ፍሬቻው ሲበራ ከመስኮታቸው ያዩታል፣ ሁልጊዜም በአንድ ወገን ብቻ፣ በሰሜኑ በኩል ነው አሉኝ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ «ያ ሰው አሁን የት ነው ያለው፣ ልጄ?» አሉ።

ካሚል ከእኛ በስተሰሜን፣ ካስል ከተማ ለአንድ ዳቦ ቤት እንደሚነዳ ሰምቻለሁ። ሐያት ከማድ ቤት ሆና ማን ነው ስትለኝ በሩን ዘጋሁት። ለአቶ ታደለ ግን ነገርኳቸው፣ ጠዋት ጠዋት የሚያራግፍበትን ራምፔ ሳይቀር።