የሐዘን መግለጫው ፎቶ

ኢንስፔክተር ምንትዋብ ኢምፔሪያል አጠገብ ካለው የግል ኮሌጅ ስትደርስ፣ ከሬሳው በፊት ያገኘችው ሊሞት የተቃረበ ሰው ነበር። ተማሪውና መንገደኛው አንድ ወጣት በሩ ላይ ጥለው ይረግጡታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የከተማችን ሰው ለዕድር ስብሰባ ሲጠሩት ይዘገያል እንጂ ለድብደባ ማን ይቀድመዋል? ሽጉጧን ወደ ሰማይ ተኩሳ ነው ያስጣለችው።

«ምን አድርጎ ነው?»

«ገዳይ ነው። ኮሌጁ ራሱ ለጥፎታል።»

ስልክ አሳዩዋት። በኮሌጁ ገጽ ላይ የልጁ ፎቶ አለ፤ ከሥሩ «የረሆቦት ገዳይ ይህ ነው፤ ያየ ይያዘው» ይላል። ሐሩን ይባላል፤ አምና እዚያው የተመረቀ ልጅ ነው። በሳጅን ኃይለኪሮስ አጃቢነት ሆስፒታል ላከችውና ወደ ላይ ወጣች።

ረሆቦት የኮሌጁ የማኅበራዊ ሚዲያ ሠራተኛ ነበረች። ስቱዲዮው ወለል ላይ በግንባሯ ተደፍታለች። የኋላ አናቷ ተፈርክሷል፤ የካሜራው ብረት ማቆሚያ በደም ተነክሮ ከጎኗ ወድቋል። ምንትዋብ ተንበረከከች። ሹሩባው ትኩስ ነው፤ ቅባቱ አልደረቀም፤ ከመወጠሩ የተነሣ የጆሮ ግንዷ ቆዳ ቀልቷል።

«ወይ ልጄ፣ ለማን ነበር የተዋብሽው?» አለች።

መልሱን የሟች እህት ብሩክታይት ከታች ይዛው መጣች። «ዛሬ ለእኔ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ነው። ጠዋት መገናኛ ጸጉራችንን አብረን ተሠራን። ‹የሆዴን ተናግሬያቸው እመጣለሁ› ብላ ስትሮጥ ስልኳን እንኳ ቻርጅ ላይ ረስታ ሄደች። ይኸው፣ እኔ እጅ ነው።»

ከሟች ሌላ በዚያ ፎቅ የሚሠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዲኑ ዶክተር ፍትዊ ላቡን እየጠረገ ተናገረ። «ምዝገባ ደርሷል፤ የገጹን ተከታይ አብዙልኝ አልኩ እንጂ ሌላ ነገር አላልኩም። ረሆቦትን ከትናንት ወዲህ አላየኋትም።»

የማስታወቂያ ኃላፊው አብነት ደግሞ ምላሱ ፈጣን ነው። «እኔም አላየኋትም። ሐሩን ገጻችን ላይ ‹ዋጋችሁን ታገኛላችሁ› ብሎ ጽፏል፤ ጠዋትም በር ላይ ሲጨቃጨቅ ነበር። ፎቶውን የለጠፍኩት ሕዝብ እንዲጠነቀቅ ነው።»

«ጥበቃው ግን አላስገባሁትም ይላል» አለች ምንትዋብ። «ለመሆኑ ልጁን ምን አናደደው?»

ዲዛይን የምትሠራው ሰምሃል ናት የመለሰችው። «‹ከዚህ ተመርቄ ሥራ ያዝኩ› የሚሉት የማስታወቂያ ቪዲዮዎቻችን ልጆች እዚህ አልተማሩም። አብነት ተከራይቶ ያመጣቸው ናቸው። ሐሩን አወቀ። ረሆቦትም ‹ልጁ እውነቱን ነው› አለች። እኔም ዛሬ አላየኋትም፣ ኢንስፔክተር።»

ይህን ሲነጋገሩ ኃይለኪሮስ ደወለ። «ሕዝቡ ሆስፒታሉ ድረስ ተከትሎናል። ገዳዩን ስጡን እያለ በሩን እየገፋ ነው። እኛ ሦስት ነን።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሐሩን ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም። ምንትዋብ የኮሌጁን ገጽ እንደገና ከፈተች። አሁን ከሐሩን ፎቶ በላይ የሐዘን መግለጫ ወጥቷል፤ ሻማ፣ ጥቁር ሪባን፣ በመሀል ፈገግ ያለች ረሆቦት። ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ሬሳው ሲነሣ ሦስቱንም ደሙ ያልታጠበበት ስቱዲዮ ውስጥ አቆመቻቸው።

«ሰምሃል፣ ይህን ፎቶ ከየት አገኘሽው?»

«አብነት ነው የላከልኝ። ‹ምርጡ ይኼ ነው፣ በዚህ ሥሪው› ብሎ።»

«እውነት ነው፣ ያምራል። ትናንት ጸጉሯ እንዴት ነበር?»

«ፍሪዝ፣ የተበተነ…» አለችና ሰምሃል አፏን በእጇ ያዘች።

«ፎቶው ላይ ያለውን ሹሩባ የተሠራችው ዛሬ ጠዋት ነው። ከጸጉር ቤት በቀጥታ ወደዚህ መጣች፤ ከዚህ በሕይወት አልወጣችም። አብነት፣ ከትናንት ወዲህ ያላየሃትን ሴት የዛሬ ሹሩባዋን ከየት አመጣኸው?»

«እሷ ልካልኝ ይሆናል።»

«በምኗ? ስልኳ እህቷ ጋ ነው። ደግሞ ፎቶው ላይ ከኋላዋ ያለው ይኸው የቆምክበት ግድግዳ ነው። መብራት ልሞክርብሽ ብለህ አቆምካት፤ ሳቀችልህ። ከዚያ የኪራዮቹን ነገር ለተማሪው እናገራለሁ አለችህ፤ ፊቷን ስታዞር ብረቱን አነሣህ። ሐሩንን ደግሞ ሕዝቡ እንዲጨርስልህ ለጠፍከው። የጣለህ ልማድህ ነው። ለገደልካት ሴት እንኳ ከካሜራህ ምርጡን ፎቶ መረጥክላት።»

አብነት የመብራቱን ብረት አንሥቶ ሰነዘረ። ትከሻዋን አገኛት። እሷም በሽጉጧ ሰደፍ የእጁን አንጓ መታችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ወለሉ ላይ፣ በረሆቦት ደም ውስጥ ወደቀ።

«ተከታይ አብዛ አላችሁኝ» አለ ዲኑን ቀና ብሎ እያየ። «በዛ አይደል?»

ምንትዋብ ወደ ዲኑ ዞረች። «የልጁን ፎቶ ከገጹ ያውርዱ። ንጹሕ ነው ብለውም ይጻፉ።»

«ለኮሌጁ ስም ትንሽ…»

«ይጻፉ አልኩዎት።»

ጻፈ። እሷ ሆስፒታሉ ስትደርስ ሕዝቡ ስልኩን እያየ አንድ በአንድ ይበተን ነበር። ይቅርታ ያለ ሰው የለም። አንዱማ ጫማው ላይ የደረቀ ደም ይዞ «ፍትሕ ለረሆቦት» እያለ ይጽፋል።

ሐሩን አንድ ዓይኑ ብቻ ይከፈታል። መንጋጋው እያሠቃየው ተናገረ።

«አወረዱት?»

«አወረዱት፣ ልጄ። ገዳዩም ተይዟል።»

«እናቴ ሳታየው?»

እናቱ ከምንትዋብ ኋላ ቆማ ነበር፤ ‹ገዳይ› የሚለው የልጇ ፎቶ አሁንም ስልኳ ላይ በርቷል። ስልኩን ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ አልጋው ቀረበች።

«ምኑን ነው የማየው?» አለች። «እኔ ምንም አላየሁም።»